የአሥራ አምስት አምፔሩ እንግዳ

ጋሽ ፊውዝ ማሽኑን ለሦስተኛ ጊዜ ዞረው። የጫማ ካርቶን የሚያክል ብረት ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ማራገቢያ ተገጥሞለታል። አንስቶ መዘነው፣ አገላበጠው፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው።

"ማውጫው የት ነው?" አለ።

"የምን ማውጫ?" አለ የሚስቱ ወንድም።

"የሚያመርተውን የሚያወጣበት ነዋ! ወፍጮ ዱቄቱን የሚያወርድበት አፍ አለው። ማተሚያ ማሽን ወረቀቱን በአንድ በኩል ይተፋል። ይኼ በየት በኩል ነው የሚተፋው?"

"ጋሼ፣ ይኼ እንደዚያ አይደለም።"

"እንደ ምንድን ነው ታዲያ?"

የሚስቱ ወንድም ፈገግ አለ። የዚህን ሰው ፈገግታ ያየ ሁሉ ኪሱን በእጁ ይዳብሳል። ዕድሜው አርባ ሞልቷል፤ በየዓመቱ አዲስ ወንጌል ይዞ ይመጣል። አምና ቪታሚን ነበር፤ ካቻምና ሰው ሰውን እየመለመለ የሚሸጠው ሳሙና። ዘንድሮ ኮምፒውተር ስለሆነ ዘመድ አዝማዱ "ዲጂታል" ብሎታል። ስድብ መስሎት አያውቅም።

ጋሽ ፊውዝ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት መስመር ሲዘረጋ የኖረ ኤሌክትሪሺያን ነው። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ቶሎ ይነዳል፣ የነደደ ቀን ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ ያጨልማል። በዚህ ዓለም የሚኮራበት ነገር አንድ ብቻ ነው። እሱ መስመር የዘረጋለት ቤት ተቃጥሎ አያውቅም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሠርግ ቤት ይናገራታል፣ ለቅሶ ቤት ይናገራታል፣ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ በተጋደመበት እንኳ ሊናገራት ሞክሯል። ሌላ ሀብት የለውም። ቤቱ የኪራይ ነው፣ ጉልበቱ ከመሰላል ላይ ከወደቀ ወዲህ ያስቸግረዋል፣ ሚስቱም የምትሰማው ሲመቻት ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከነጠቁት የሚቀረው ካቻቢቴና ፒንሳ ብቻ ነው።

"ቁጥር ይገምታል" አለ ዲጂታል።

"ማን?"

"ማሽኑ። በሰከንድ ውስጥ እልፍ አእላፍ ጊዜ ቁጥር ይገምታል። ትክክለኛውን ከሁሉ ቀድሞ የገመተ ሳንቲም ያገኛል። የዲጂታል ሳንቲም።"

"ትክክለኛውን ቁጥር ማን ያውቀዋል?"

"ማንም አያውቀውም።"

"ማንም የማያውቀው ቁጥር ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል?"

"ሲገኝ ይታወቃላ!"

ጋሽ ፊውዝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ግራ ሲገባው ይቀመጣል፤ በዚያ ሰሞን ብዙ ተቀመጠ።

"እሺ፣ ማን ነው የሚከፍለው?"

"ማንም። መረቡ ራሱ ነው የሚከፍለው።"

"ከተገኘ በኋላ ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል?"

"ለምንም አይጠቅምም። ይጣላል። ወዲያው ሌላ መገመት ይጀምራል።"

"የሌላ ሰው ማሽንስ?"

"እሱም ይገምታል። እንዲያውም ብቻውን የትም አይደርስም፤ የኛ ማሽን ከሌሎች ጋር ማኅበር ገብቷል።"

"ማሽኑ ማኅበር ገብቷል?"

"ገብቷል።"

ጋሽ ፊውዝ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶ የኤሌክትሪሺያኖች ማኅበር እንዲቋቋም ሦስት ጊዜ ፊርማ አሰባስቧል፤ ሦስቱም ጊዜ አልተሳካም። ላብ የማያልበው ብረት ግን ከካርቶኑ በወጣ በሰዓቱ ተደራጅቷል። ዓለም እንዲህ ነው የተገነባችው፤ የሚሠራው ሰው ተበትኖ ይኖራል፣ የሚገምተው ተደራጅቶ ይበላል።

ይሁንና ያልገባውን ነገር "አልገባኝም" ብሎ መተው ለእሱ ሞት ነው። ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ባይገባው፣ ምን እንደሚበላ ግን ሊገባው ይችላል። መነጽሩን አድርጎ ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ። ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ዋት። ለሁለት መቶ ሃያ ቮልት አካፈለው። አሥራ አምስት አምፔር። ፊቱ በራ።

"አሥራ አምስት!" አለ። "የጓዳው ሶኬት አሥራ ስድስት ይችላል። አሥራ አምስት ከአሥራ ስድስት ያንሳል። አለቀ። ቁጥር መገመት አያስፈልግም፣ እኔ አውቀዋለሁ።"

"አንተ እኮ አዋቂ ነህ ጋሼ" አለ ዲጂታል። ይህን ሲል ካርቶኑን ከፍቶ ሁለተኛ ማሽን አወጣ።

"ሁለተኛው እዚህ ቤት ከገባ እኔ እወጣለሁ" አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት። የምትሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ ልብስ ተኳሽ ናት። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሃል ቆማ ስለምትውል ሙቀት በሚባል ነገር አትደራደርም። "አንዱንም የታገሥኩት ወንድሜ ስለሆንክ ነው። ወንድሜ መሆንህ ደግሞ የኔ ጥፋት አይደለም።"

"እትዬ፣ አንድ ቀን እኮ ታመሰግኚኛለሽ።"

"ለቪታሚኑም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር።"

ጋሽ ፊውዝ ጓዳ ገባ። አሠራሩ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጭነቱን ይቆጥራል። ቀጥሎ መስመሩን ያያል፤ የጓዳው መስመር ለምድጃ ተብሎ የተጎተተ ባለ ሁለት ተኩል ሚሊ ገመድ ነው፣ ይበቃል። ከዚያ ሶኬቱን ይተክላል። ገመዱ መሬት ላይ እንዳይጎተትና ለዓይን እንዲያምር ሶኬቱን ከማሽኑ ጀርባ፣ ልክ ማሽኑ ትኩስ ትንፋሹን በሚተፋበት ግድግዳ ላይ ተከለው። በመጨረሻ የራሱ የሆነ ፈተና አለው፤ አብርቶ አንድ ሰዓት ይጠብቅና ሶኬቱን በእጁ ጀርባ ይዳብሳል። ለብ ካለ ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ ይነቅለዋል። በዚህ ፈተና ምድጃ አልፏል፣ የውሃ ማሞቂያ አልፏል፣ የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ ሳይቀር አልፏል።

ማሽኑ ሲነሣ የጓዳው በር ተንቀጠቀጠ። አውሮፕላን ሊነሣ አኮብኩቦ ሳይነሣ የቀረ ይመስል ነበር። አንድ ሰዓት አለፈ። ጋሽ ፊውዝ ዳበሰ። ለብ ብሏል።

"አልፏል!" ብሎ ጮኸ፤ ካልጮኹ መደማመጥ አይቻልም።

ማሽኑ የሚያወጣውን ትኩስ አየር በእጁ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ጥቂት ቆመ። "እስካሁን ያየሁት ምርት ይኼ ነው" አለ።

ሁለተኛው ማሽን ቤት አጥቶ አላደረም። ሁለት መንገድ ተሻግሮ የምትኖር የሒሳብ አስተማሪ የነበረች ጡረተኛ አለች፤ አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን ታስታምማለች። ዲጂታል ሄዶ "ቲቸር፣ ቦታና መብራት ከእርስዎ፣ ማሽን ከእኔ፣ ፍሬውን እኩል" አላት። ለሠላሳ ዓመት ልጆችን ሒሳብ ያስተማረች ሴት በዚህ ስሌት ተስማማች። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ያልገባውን ነገር ለመጠየቅ ያፍራል፣ ለመፈረም ግን አያፍርም። ጋሽ ፊውዝ ሄዶ እዚያም ያንኑ ሶኬት፣ ያንኑ ገመድ፣ ያንኑ አተካከል ደገመ። ማሽኑ የተቀመጠው ኮሪደሩ ላይ፣ ለእናትየዋ ሙቀት እንዲደርሳቸው ከመኝታ ቤታቸው በር ሥር ነው። አንድ ሰዓት ጠበቀ፣ ዳበሰ፣ ለብ ብሏል፣ አልፏል አለ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሚስቱ ከመኝታ ቤት አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

"ዓሣ ገዝተሃል እንዴ?"

"የምን ዓሣ?"

"ዓሣ ይሸታል። የከረመ ዓሣ።"

ባልና ሚስት ዓሣ ፍለጋ ተሰማሩ። ማቀዝቀዣው ተፈተሸ፣ ቁም ሣጥኑ ተጎተተ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ተገለበጠ። ጋሽ ፊውዝ በደረቱ ተኝቶ ሶፋው ሥር በባትሪ አበራ፤ አንድ የጠፋ ካልሲና ካቻምና የተረፈ ሳሙና ተገኘ። ሁለቱም ዓሣ ዓሣ አይሉም።

"ከጎረቤት ነው" አለ።

"ከጎረቤት ከሆነ ጓዳችን ውስጥ ምን አገባው?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መናኛ የሚባለው ኤሌክትሪሺያን ሁሉ ይህን ሽታ ያውቀዋል። የሶኬት ፕላስቲክ ሲግል እንደ ዓሣ ይሸታል፤ ሥራውን የሚያበላሽ ሰው በዓመት አንድ ሁለቴ ያሸተዋል፣ ተምሮበትም ይቀጥላል። ጋሽ ፊውዝ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሳስቶ ስለማያውቅ የስሕተትን ሽታ አያውቀውም። ንጽሕናው መሃይም አድርጎታል።

ጓዳ ገብቶ ማሽኑን ወደ ጎን ሲገፋው ሶኬቱን አየ። ነጭ የነበረው ቡናማ ሆኗል። ከአንድ ጎኑ ከንፈሩን እንደጣለ ሰው ተንጋዷል። ጋሽ ፊውዝ ሮጦ ብሬከሩን ዘጋው፤ ማሽኑም አቃስቶ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለተመልካች ያስቅ ነበር። ሰውየው ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ ሦስት ሺህ ሦስት መቶን ለሁለት መቶ ሃያ አካፈለ። አሥራ አምስት። በድጋሚ አካፈለ። አሥራ አምስት። የተቃጠለውን ፈትቶ አዲስ ሶኬት ገጠመ፤ ማሽኑን አስነሥቶ የአምፔር መለኪያውን በገመዱ ላይ አጠለቀ። አሥራ አምስት ይላል፤ ፍንክች የለም። አንድ ሰዓት ጠበቀ፣ ዳበሰ። ለብ ብሏል።

"ደህና ነው!" አለ። "ደህና ነው እኮ! ደህና ከሆነ ለምንድን ነው የተቃጠለው?"

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ?" አለች ሚስቱ የሥራ ሽርጧን እያጠፈች።

"ብሬከሩ ለምን አልወረደም? ከአቅም በላይ ቢሆን ይወርድ ነበር። አልወረደም። ስለዚህ ከአቅም በላይ አልሆነም። ስለዚህ አልተቃጠለም።"

"ተቃጥሏል እኮ። እጅህ ላይ ነው ያለው።"

እጁን ተመለከተ። እውነትም እጁ ላይ ነው። ጋሽ ፊውዝ ተቀመጠ። ሶኬት የሠራውን ፋብሪካ ረገመ፣ መብራት ኃይልን ረገመ፣ የሚስቱን ወንድም እስከ ሰባት ትውልድ ሊረግም ሲል ከሰባቱ ውስጥ የሚስቱም ዘሮች እንዳሉበት ትዝ አለውና ዋጥ አደረገው። አንድም እርግማን ግን ሶኬቱን አላስረዳለትም። ውሉ ጠፋበት። አሥራ አምስት ከአሥራ ስድስት እንደሚያንስ የማያከብር ዓለም ውስጥ ሰው እንዴት ነው መስመር የሚዘረጋው?

"ለመሆኑ ይኼ ነገር በቀን ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?" አለች ሚስቱ።

"ሁልጊዜ።"

"ሁልጊዜ ማለት?"

"ሁልጊዜ ነዋ! ሌትም ቀንም ይገምታል። ካቆመ ሌላው ይቀድመዋል ይላል ወንድምሽ።"

"ምሳ ሰዓትስ?"

"ማሽን እኮ ነው አንቺ!"

"አውቃለሁ ማሽን እንደሆነ። እኛም ጋ ማሽን ነው። ካውያው እንኳ ያርፋል። ያቺ ትንሿ መብራት ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ብልጭ ትላለች። ጠፍታ ያረፈች ጊዜ ነው ሶኬቱም የሚተነፍሰው። አንድ ቀን ሳትጠፋ ከቆየች አለቃችን ሮጦ ይነቅለዋል፤ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል ብሎ። ይኼኛውስ መቼ ነው የሚያርፈው?"

ጋሽ ፊውዝ የተቃጠለውን ሶኬት አገላበጠው።

ምድጃ ያርፋል። የውሃ ማሞቂያ ውሃው ሲፈላ ያርፋል። ማቡኪያው ሊጡ ሲደርስ ያርፋል። እሱ በሃያ ስድስት ዓመት የተከላቸው ሶኬቶች ሁሉ በየመሃሉ የሚያርፍ ነገር ነው የተሸከሙት። አንድ ሰዓት ጠብቆ የሚዳብሰውም ለዚህ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ የሚጎትት ነገር በሰው ቤት ገጥሞት አያውቅም። ዕረፍቱን ሳያውቀው በሒሳቡ ውስጥ ሲቆጥረው ኖሯል። አሥራ አምስት ለአንድ ሰዓትና አሥራ አምስት ለአሥራ አራት ቀን አንድ ቁጥር ናቸው፤ አንድ ሙቀት ግን አይደሉም። ብሬከሩም ቢሆን ስንት እንደሆነ እንጂ ስንት ቀን እንደቆየ አይጠይቅም። በዚህ ላይ ሶኬቱን ለዓይን ያምራል ብሎ የተከለው ማሽኑ በሚተነፍስበት አቅጣጫ ነው።

"ቲቸር!" አለ ድንገት።

"የቷ ቲቸር?"

 የጓዳውን ብሬከር በቡጢ ዘግቶ በነጠላ ጫማ ወጣ። እየሄደ ዲጂታል ጋ ደወለ፤ ስልኩ ተይዟል። ሰውየው ለሦስተኛ ማሽን ቤት እያግባባ ይሆናል። እንደገና ደወለ፤ ተይዟል። ጉልበቱ እየከዳው ሁለቱን መንገድ ተሻገረ፤ መኪና ጥሩንባ ነፋበት፤ አንዱ ነጠላ ጫማ ቀርቶ ተመልሶ አነሣው።

በሩን የከፈተችው መምህርቷ ራሷ ናት።

"ምነው፣ ምን ሆነሃል? ላብ በላብ ነህ እኮ።"

"ቲቸር፣ ዓሣ አይሸትዎትም?"

"ኧረ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ! የጎረቤቷን ድመት ስረግም ነው የሰነበትኩት። አንተ በምን አወቅህ?"

ገፍቷት ገባ። በሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሳይፈቀድለት ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ኮሪደሩ ላይ ማሽኑ ያጓራል፤ ከበላዩ በተወጠረ ገመድ ላይ የእናትየዋ የታጠበ ሌሊት ልብስ ተሰጥቷል፤ አንደኛው እጅጌ እየተወዛወዘ ሶኬቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከሶኬቱ አፍ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ይወጣል። ጋሽ ፊውዝ ብሬከሩን ዘጋ፤ ልብሱን ጎትቶ መሬት ጣለው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከመኝታ ቤት የአሮጊቷ ድምፅ መጣ።

"ዝናቡ አባራ እንዴ?"

"አባርቷል እማዬ" አለች መምህርቷ፤ ዓይኗ ከጋሽ ፊውዝ ላይ አልተነሣም። "ንገረኝ እስቲ። ምንድን ነው የተፈጠረው?"

በዚያች ቅጽበት ከአፉ ጫፍ ላይ ሦስት የተዘጋጁ ውሸቶች ተሰልፈው ነበር። ሶኬቱ የፋብሪካ ብልሽት አለበት። ማሽኑ ተበላሽቷል። መብራት ኃይል መስመሩን አናግቶታል። ሦስቱም ለሙያው ሰዎች የታወቁ ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ መጥቶ ራሱን አይከላከልም። አንዱን ቢመርጥ ዓረፍተ ነገሩ ይተርፍለታል፤ በሚቀጥለው ሠርግ እንደገና ይናገራታል።

በሩ በርግዶ ተከፈተ። ዲጂታል ስልኩን ወደ ላይ ይዞ እያለከለከ ገባ።

"ማን አጠፋው? ስልኬ ላይ አየሁት፣ ሁለቱም ሞተዋል! ጋሼ፣ መብራት ሄዶ ነው አይደል? የነሱ ነገር እኮ ሁሌም እንዲህ ነው!"

ውሸቱ በሰው እጅ ተይዞ፣ ተጠቅልሎ፣ በር ድረስ መጣለት። መቀበል ብቻ ነበር የቀረው።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለ ጋሽ ፊውዝ። "መብራት አልሄደም። የኔ ሥራ ነው ስሕተት የነበረው። የሁለቱም ቤት።"

"ግን አሥራ አምስት ከአሥራ ስድስት ያንሳል ብለህ…"

"ብዬ ነበር።"

"አያንስም እንዴ?"

"ያንሳል።"

"ታዲያ ምኑ ነው ስሕተቱ?"

"አያርፍም። እኔ የማውቀው የሚያርፍ ነገር ነው። ይኼ አያርፍም።"

ዲጂታል ወደ መምህርቷ ዞረ፤ መምህርቷ ወደ ማሽኑ ዞረች። ሦስቱም ለጥቂት ጊዜ ምን እንደሚሠራ ለማያውቁት ብረት ሕሊና ጸሎት የቆሙ መሰሉ።

"ድገመው" አለች መምህርቷ።

"ምኑን?"

"ስሕተቱ የማን እንደሆነ። ጮክ በል፣ እናቴ አልሰማችህም። ልትቃጠል የነበረችው እሷ ናት።"

ጋሽ ፊውዝ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ። አሮጊቷ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ያዩታል።

"እማማ፣ ስሕተቱ የኔ ነው" አለ ጮክ ብሎ። "ቤትዎ ሊቃጠል ነበር። እኔ ነኝ የዘረጋሁት።"

"ማን ልበል?"

"ኤሌክትሪሺያኑ።"

"ያ ቤት ተቃጥሎበት የማያውቀው?"

 ጩኸቱን ሰምታ ኮሪደሩ ድረስ የመጣችው ጎረቤት፣ ያችው የተረገመችው ድመት ባለቤት፣ አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰምታ ወጣች። ሳይመሽ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ጋሽ ፊውዝ ይህን ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ፈታ፣ የገመዱን ጫፍ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለ፣ ተነሣ።

"ወዴት ነው?" አለ ዲጂታል። "ማሽኑን ሳትቀጥለው?"

"ወደ ሌሎቹ ቤቶች።"

"ሌላ ቤት እኮ ማሽን የለም ጋሼ! ሁለት ብቻ ነው ያለኝ!"

"ማሽን ባይኖር ሌላ የማያርፍ ነገር ይኖር ይሆናል። ጠይቄ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰው አልጠየቅሁም፤ ስንት ዋት ነው እንጂ መቼ ነው የሚያርፈው ብዬ አላውቅም።"

"ስንት ቤት ልትዞር ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ብዙ ነው።"

ወጣ። መንገዱ ዳር ቆሞ ከየት እንደሚጀምር ግራ ገባው፤ ግራም ቀኝም የእሱ ሥራ ነው። በመጨረሻ ቅርብ ያለውን በር አንኳኳ። አንድ ሕፃን በጀርባዋ ያዘለች፣ ሁለት ቀሚሷን የሚጎትቱባት፣ እጇ እስከ ክርኑ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሴት ከፈተች።

"ጋሽ ፊውዝ! ምነው በሰላም?"

"በሰላም ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።" ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጥያቄው ገና ሲያስበው ራሱ እንግዳ ሆነበት። "ቤታችሁ ውስጥ ሳያርፍ ሌትና ቀን የሚሠራ ነገር አለ?"

ሴትዮዋ የእጇን አረፋ በቀሚሷ ጠራረገች።

"ከኔ ሌላ ማለትህ ነው?" አለችው።